ጀልባ ያልመጣለት ሠፈር

እንግሊዝ አገር በእግሩ ከሚሄድ ሰው እምብዛም የማይፈጥን፣ ወርዱ ከሁለት ሜትር ብዙም የማያልፍ ቤት በውድ ዋጋ እንደሚሸጥ የነገረን ለዕረፍት ከለንደን የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ቤቱ ጀልባ ነው፤ በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ ላይ ይንሳፈፋል። ባለቤቱ ጧት ሻዩን ያፈላበታል፣ ማታ ይተኛበታል፣ ጎረቤቱ ሲያስቀይመው ገመዱን ፈትቶ ከነጓዙ ሌላ ሠፈር ይሄዳል። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አንዱን ተከራይቶ ሰንብቶበት ኖሮ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። መሬት ላይ የቆመ ቤት አስጠልቶታል።

አክስቴ ቡናውን እየቀዳች በጥሞና ሰማችው። አርባ ዓመት የኖረችው አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ነው፤ ሠፈሩ ፈርሶ አሁን ገላን ጉራ ናት። የምትጠይቀውም ቤት አይቶ እንደሚከራይ ሰው ነው።

«ስንት ክፍል ነው?»

«አንድ ነው እማዬ፤ ግን ረጅም ነው።»

«አልጋውስ?»

«ቀን ቀን ይታጠፍና ጠረጴዛ ይሆናል።»

«ውሃ አለው?»

«ከቧንቧ በጎማ ይሞላል። ቶሎ እንዳያልቅ ቆጠብ እያደረጉ ነው።»

«ሽንት ቤቱስ?»

«በሳጥን ነው። ሲሞላ ተሸክሞ ወስዶ መድፋት ነው።»

«መብራት አይጠፋም?»

«ባትሪው ካለቀ ይጠፋል።»

አክስቴ ጀበናዋን ማቶቱ ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «እኛ እኮ ያን ሁሉ ዘመን ካዛንቺስ የኖርነው ጀልባ ላይ ነው!»

እውነቷን ነው። የቀበሌ ቤት ያደገ ሰው የእንግሊዝን ጠባብ ጀልባ ለመረዳት ሥዕል አያስፈልገውም። የጀልባው ርዝመት እስከ 22 ሜትር ይደርሳል፣ ወርዱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱን ትተን ወርዱን ብቻ ካየን፣ ካዛንቺስ ውስጥ ስድስት ነፍስ ያድርበት የነበረ ክፍል ማለት ነው። ላይ ቆጥ አለ፤ ልጆች ይተኙበታል። ከቆጡ ሥር የወላጆች አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ሻንጣ፣ ከሻንጣው ጀርባ ድግስ ካልመጣ የማይወጣ ትልቅ ድስት። በሩ ሲከፈት ወንበሩ ይነሳል፣ ወንበሩ ሲነሳ አያት ትነሳለች፣ አያት ስትነሳ እንግዳ መግባቱን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንግሊዞች በዚህ ዓይነት ቦታ ውስጥ ምድጃ፣ ሶፋና የመጽሐፍ መደርደሪያ ማስገባታቸውን እንደ ትልቅ ጥበብ በባለቀለም መጽሔት ያሳያሉ። የኛ አናጢ ቆጥ ሊሠራ ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ልጆቹ ስንት ናቸው?»

በውሃውም ቢሆን አንተናነስም። ውሃ ላይ ተቀምጦ ውሃ መቆጠብ የእንግሊዝ ጎብኚን ሊያስገርመው ይችል ይሆናል። በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ አዲስ አበቤን ግን አያስገርመውም። ሌሊት ሁሉ ሰው በተኛበት ሰዓት ቧንቧው አየር ሲተፋ፣ ከዚያም ሲንጠባጠብ ሰምቶ ከእንቅልፉ ብድግ የሚል፣ በጨለማ ጀሪካኖቹን በቀለማቸው ሳይሆን በድምፃቸው ለይቶ የሚሞላ ሕዝብ ነን። እንዲህ ያለውን ሰው ጀልባ ላይ ብታስቀምጡት መልመጃ አይፈልግም፤ ቢበዛ ዋና ይማር ይሆናል።

አንድ ሕግ ግን አክስቴን አስደነቃት። እንግሊዝ አገር ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የሌለው ጀልባ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ አዋጅ መሠረት ባጠቃላይ ከ14 ቀን በላይ አንድ ቦታ መቆም አይችልም፤ ሲደርስበት መነሳት አለበት። ልጇ ይህን ሲናገር ጭካኔውን ሊያሳያት ነበር። ባለጀልባዎቹ እንደሚያማርሩ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ለማድረስ እንደሚቸገሩ በዝርዝር ነገራት። አክስቴ አዳምጣው ስታበቃ፣ «አሥራ አራት ቀን ሙሉ?» አለች። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ማንም አልተናገረም።

ለማያውቅ ሰው ታሪኩን ባጭሩ ላውጋ። እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ መጨረሻ አንድ የብሪጅወተር መስፍን ከመሬቱ ሥር ያለውን የድንጋይ ከሰል ማንችስተር አድርሶ መሸጥ ፈለገ። መንገዱ ጭቃ ነበር። ማንበብና መጻፍ በቅጡ የማያውቅ ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል መሐንዲስ ቀጠረና ቦይ አስቆፈረ። ጋሪ ላይ ሁለት ቶን መጎተት የሚያቅተው ፈረስ ውሃ ላይ 30 ቶን ገደማ እየሳበ ዳር ዳሩን ይሄድ ጀመር፤ የከሰሉ ዋጋ ማንችስተር ውስጥ በግማሽ ወረደ። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ ቆፋሪ ሆነ። ጀልባዎቹ የጠበቡት ቀጫጭኖች ስለሚያምሩ አይደለም፤ ብሪንድሊ ወጪ ለመቆጠብ ጀልባ የሚያልፍባቸውን የውሃ በሮች አጥብቦ ስለሠራቸው ነው። ይኸው እስከ ዛሬ የአንድ ሰው ቁጠባ የብዙ ሺህ ሰው የመኝታ ቤት ወርድ ሆኖ ቀረ። የቀበሌ ቤታችንን ወርድ ማን እንደወሰነው ግን የሚያውቅ አልገጠመኝም።

ባቡር ሲመጣ ቦዮቹ ተረሱ። ሰው ጀርባውን ሰጣቸው፤ አሮጌ ብስክሌትና ፍራሽ ይጣልባቸው ጀመር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ኤል. ቲ. ሲ. ሮልት የሚባል ሰው በጠባብ ጀልባ አገሩን ዞሮ ያየውን በ1944 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። አንባቢው ተቆጨ፣ ማኅበር ተቋቋመ፣ ፈቃደኞች ቅዳሜና እሑድ ጭቃ ውስጥ እየገቡ በእጃቸው አጸዱ። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ጀልባ ይመላለስባቸዋል። የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን እንደ ትልቅ ዕረፍት ይቆጥረዋል። «ከሰው እርምጃ አይበልጥም፤ አእምሮህ ይረጋጋል» ይለኛል። እኔ ደግሞ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ በሚኒባስ ስሄድ ከዚህ ባነሰ ፍጥነት ስንት ዘመን ተጉዣለሁ፤ አእምሮዬ አንድ ቀን ሲረጋጋ አላየሁትም። ለካ ዝግታ ብቻውን አይበቃም። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለሁለት ሰው ነው የተከፈለው እንዴ!» እያለ በሚጮህበት ቦታ ማሰላሰል የለም።

ታዲያ ካዛንቺስ ቦይ ለምን አልደረሳትም? ሠፈሩን የቆረቆሩት በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ሲሠሩ የነበሩ ጣልያኖች ናቸው። ቬኒስን የሚያህል ከተማ አገራቸው ያለ ሰዎች ተራራ አቋርጠው መጥተው አንዲት ክንድ ቦይ ሳይቆፍሩ መሄዳቸው ከበደላቸው ሁሉ ትንሹ ቢሆንም መመዝገብ አለበት።

ውሃ ግን አላጣንም። የዚህች ከተማ መነሻዋ ራሱ ውሃ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ አዲስ አበባ ዛሬም ቅዝቃዜው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሂልተን ግቢ ያለው መዋኛ በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ የሚሞላውም ከምድር በሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው። ካዛንቺስ ያለበት ክፍለ ከተማ ስሙን የወሰደበት ቅዱስ ቂርቆስም ቢሆን ገና በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የፈላ ውሃ ውስጥ ተጥሎ ቅዱስ ገብርኤል ያበረደለት ሕፃን ነው። በዓሉ ሐምሌ 19 ነው፤ ዝናቡ ከላይ ሲያወርደው፣ ጎርፉ ከታች ሲቀበል። በዚያ ቀን ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምእመን ያየ ሰው ቂርቆስ የውሃ ሠፈር አይደለም አይልም።

ወንዞችም አሉን። ቀበና ከእንጦጦ ይወርዳል፣ ባንተ ይቀጡ ፍል ውሃን ታክኮ በመስቀል አደባባይ አካባቢ ያልፋል። ሁለቱም መጨረሻቸው ትልቁ አቃቂ ነው። እስቲ ለጨዋታ ያህል ጀልባ እናስገባባቸው።

መጀመሪያ የሚያጣላን ዳገቱ ነው። ጀልባ ዳገት አይወጣም፤ እንግሊዞች በሮች ሠርተውለታል። ጀልባው ይገባል፣ ከፊትና ከኋላ ይዘጋበታል፣ ውሃ ሲሞላ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። ኬን ሂል የሚባለው ቦታ ላይ 72 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 29 በር ያስፈልጋል፤ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከእንጦጦ ጫፍ ካዛንቺስ አጠገብ እስካለው ዑራኤል ድረስ ያለው ቁልቁለት ከ600 ሜትር ይበልጣል። በነሱ ስሌት ከሄድን ከ240 የማያንስ በር ልንሠራ ነው። እያንዳንዱ በር ላይ አንድ ጥበቃ፣ አንድ ደረሰኝ ቆራጭና አንድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል ሰው ቢቀመጥ የሥራ አጡን ቁጥር በመቀነስ በኩል ያለውን ጥቅም ለባለሙያዎች እተወዋለሁ። እንጦጦ ማርያም ጠበል ደርሶ ለመመለስ ግን ስንቅ መቋጠር ያስፈልጋል፤ መውጣቱ ብቻ ሌሊቱንም ጨምሮ ሁለት ቀን ነው።

ስለዚህ ወደ ታች እንሂድ። ከዑራኤል ተነስተን በፒኮክ መናፈሻ በኩል አልፈን አቃቂ እንገባለን። አቃቂ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ያደርሰናል። እዚያ እምቦጭ ይጠብቀናል፤ ውሃው ላይ ምንጣፍ ሆኖ የተኛ አረም ስለሆነ ከጀልባ ወርዶ ሊሄዱበት ይቃጣል፣ እንዳትሞክሩት። አረሙን አልፈን፣ የአሮጌውን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ጀልባችንን በትከሻ ተሸክመን ወርደን፣ አዋሽ እንገባለን። ከአዋሽ ቆቃ ነው። ቆቃ ላይ ጉማሬና ሌላ ግድብ አለ፤ የቱ እንደሚብስ እንደ ጀልባው ጥንካሬ ነው። ከቆቃ ዝቅ ሲል ወንጂ ላይ ነው እውነተኛ ቦይ የምናየው፤ ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት ስኳር ፋብሪካ አገዳውን ሲያጠጣበት የኖረ። ሆላንድ ቦይ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ግን ጀልባውን ትቶ ስኳሩን ያዘ፤ አልፈርድበትም። ከዚያ የአዋሽ ፓርክ ፏፏቴ አለ። ስለ ፏፏቴው ባንነጋገር ይሻላል። ከፏፏቴው የተረፈ መንገደኛ ከአዞዎቹ ጋር ተዋውቆ አፋርን ያቋርጣል።

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በእንግሊዞቹ ፍጥነት በቀን ስምንት ሰዓት ብንጓዝ ከወር በታች ነው። እና መጨረሻው የት ነው? ባሕር ነው ብሎ ልቡ የቆመ ካለ ይቀመጥ። አዋሽ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ቀይ ባሕርን ሽታውን ያህል ቀርቦት ሳይደርስበት ይተናል። ይህን ለአክስቴ ባል ስነግራቸው፣ «ወንዙም የኛው ነው» አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ሁሉ ቢስቅም አገሩ ጀልባ የማያውቅ መምሰሉ ደስ አላለውም፤ እኔም አላለኝም። እውነቱን ለመናገር እናውቃለን። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ቦታ ተፈቀደ፤ ከካርቱም የሚነሳ የእንፋሎት መርከብ ክረምት ክረምት ጋምቤላ ድረስ እየመጣ ጨርቅና ጨው አራግፎ ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። በጋ ሲመጣ ባሮ ይጎድላል፣ መርከቡም ይቀራል። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ቦታው ለባለቤቱ ተመለሰ። ከዚህ የበለጠ ለጠባብ ጀልባ የቀረበ ጉዞ አገራችን ያየች አይመስለኝም፤ የሚገርመው ግን የሚታወስበት ዘፈን እንኳ ካዛንቺስ ቡና ቤቶች ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

ጣና ላይ ደግሞ ታንኳ አለ። ከደንገል ይታሰራል፣ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ደግሞ ይገባል። በ1969 እ.ኤ.አ. ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰው በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገር ይችል ነበር ብሎ ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። የመጀመሪያው ጀልባ ራ ውቅያኖሱ ላይ ፈረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት ራ ሁለት ባርባዶስ ገባ። የጣና ሣር ያለ ቪዛ፣ ያለ ቃለ መጠይቅ፣ ያለ ባንክ ደብተር ወደዚያኛው ዓለም ተሻገረ።

ይሁን እንጂ ለእንግሊዝ ሰው የምናገረው ኩራት ከተፈለገ እኔ የምመርጠው ጣናነሽ ሁለትን ነው። በ2017 ዓ.ም. ይህች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ወርዳ ባሕር ዳር ትሄድ ዘንድ ተሳቢ መኪና ላይ ተጫነች። በረሃውን፣ ከተማውን፣ ዳገቱን በአስፋልት ላይ ሳምንታት ተጓዘች። ሰው ከየቤቱ እየወጣ በስልኩ ቀረጻት፣ እልል ተባለላት፣ የዛሬ አዳሯ የት ነው እየተባለ ተጠየቀላት። እንግሊዞች ቤታቸውን ውሃ ላይ አስኬዱ፤ እኛ መርከባችንን ተራራ ላይ አስኬድን። ዝግታዋም ቢሆን ከነሱ አያንስም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው መልስ አላገኘም።

ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ሸገርን ማስዋብ የተባለው የወንዝ ዳር ሥራ በ2011 ዓ.ም. ሲነገር 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ እንደሚለማ ሰምተን ነበር። ከዚያ የኮሪደር ልማት መጣ፣ በ2017 ዓ.ም. መባቻ አሮጌው ካዛንቺስ ፈረሰ፣ ነዋሪው ተበተነ። አሁን በወንዞቹ ዳር የእግር መንገድ፣ መብራትና አበባ አለ። አክስቴን ይዤ አሳየኋት። ቤቷ የነበረበትን ቦታ ለማግኘት ጥቂት ተደናገረች፤ ከዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «ቆጡ እዚህ ነበር መሰለኝ» አለች። መንገዱ አማራት። ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ማታ ሴት ልጅ ትሄድበታለች። እኔም አማረኝ። ትዝታን ለብቻው፣ መንገዱን ለብቻው መመዘን አለብን ብዬ አስባለሁ፤ የጎረቤትን መበተን አበባ አያካክሰውም፣ አበባውም ስለተበተንን አስቀያሚ አይሆንም።

ወንዙን ግን ጎንበስ ብዬ አየሁት። እኛ እዚያ በኖርንበት ዘመን ቤታችንን የሠራነው ጀርባውን ለወንዙ ሰጥተን ነበር። ሽንት ቤቱ ወደዚያ፣ እጣቢው ወደዚያ፣ የሞተ ድመትም ወደዚያ። አሁን ፊታችንን አዙረንለታል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የእንግሊዞቹም ቦይ መዳን የጀመረው ሰው ዞሮ ሊያየው ሲፈልግ ነው። ነገር ግን መብራት ውሃ አያጠራም። ከላይ ከየግቢው የሚለቀቀው ፍሳሽ ትክክለኛ ቱቦ እስኪያገኝ ድረስ ወንዙ የሚሸተው ያንኑ ነው። ማንም መሐንዲስ ይህን እስኪነግረኝ አልጠበቅሁም፤ አፍንጫ አለኝ።

ከላይ የዘረዘርኩትን ጉዞ ደግሞ በየክረምቱ የሚሄድ አንድ መንገደኛ አለ። ባዶ ሃይላንድ፣ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ከካዛንቺስ ይጣላል፣ ጎርፍ ይወስደዋል፣ ባንተ ይቀጡ ተሳፍሮ አቃቂ ይወርዳል፣ አባ ሳሙኤል ላይ እምቦጩ ይዞት ከብጤዎቹ ጋር ይከማቻል። እንደ እንግሊዞቹ ጀልባ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ በ14 ቀን ተነሳ የሚለው ሕግ የለበትም።

በድልድዩ ላይ ስታልፉ እጃችሁ ላይ ባዶ ሃይላንድ ካለ እባካችሁ አታሳፍሩት። ቤታችሁ ድረስ ያዙት፤ ቆራሌው ይገዛዋል።